ባለ ታላቅ ምኞቱን ተራማጅ መደገፍ ይገባ ነበርን?



አንድ ሰው ሹመት መፈለጉን ሳይሸሽግ በአደባባይ ቆሞ «ምረጡኝ» ሲል፣ ሰሚው በልቡ ሁለት ነገር ይመዝናል። አንደኛው፣ ሰውየው የያዘው ሐሳብ መልካም ነው ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይህን መልካም ሐሳብ የያዘው ለሐሳቡ ሲል ነው ወይስ ለወንበሩ ሲል የሚለው ጥርጣሬ ነው። ዛሬ የምናነሣው ታሪክ ይህንኑ ሚዛን የሚመለከት ሲሆን፣ የተፈጸመውም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ1912 ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ሥልጣን ወዳድነቱን ወዳጁም ጠላቱም የሚመሰክሩለት ሰው ነበር። የያዘው ፕሮግራም ደግሞ ከሁለቱ ነባር ፓርቲዎች ፕሮግራም ይልቅ ለሠራተኛው፣ ለሴቶችና ለድኻው ልጅ የሚያስብ ነበር። ስለዚህ በጊዜው የነበሩ አስተዋይ ሰዎች «እንደግፈው ወይስ እንተወው?» እያሉ ብዙ ተጨነቁ። አብዛኞቹም የሰውየውን ልብ ለመመርመር ደከሙ። እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ባሰብሁት ቁጥር፣ ከልቡ ይልቅ ሊመረመር ይገባ የነበረው፣ ለወንበሩ የሚከፈለው ዋጋ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ይመስለኛል።

ሩዝቬልት በወጣትነቱ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱን፣ ከአድማጮቻችን መካከል የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ልብ እንድትሉት ያስፈልጋል። ከ1889 እስከ 1895 ድረስ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚቈጣጠረው ኮሚሽን አባል ሆኖ፣ ሹመት በፓርቲ ውለታ መሰጠቱ ቀርቶ በፈተናና በችሎታ እንዲሆን ታግሏል። በሴፕቴምበር 1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በነፍሰ ገዳይ እጅ ሲሞት፣ ምክትሉ የነበረው ሩዝቬልት በ42 ዓመቱ የፕሬዚዳንቱን ወንበር ወረሰ። ከዚያ በኋላ ገበያውን በእጃቸው ያደረጉትን ታላላቅ የንግድ ማኅበራት በፍርድ ቤት መክሰስ ጀመረ፤ የምግብና የመድኃኒት ጥራት የሚጠበቅበት ሕግም በ1906 በእርሱ ዘመን ወጣ። በነገራችን ላይ፣ በ1903 በሮበርት ስኪነር የተመራውን መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ልኮ፣ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው የእርሱ መንግሥት ነው።

በ1904 በሕዝብ ድምፅ በተመረጠበት ሌሊት ሩዝቬልት ዳግመኛ ለምርጫ እንደማይቀርብ በይፋ ተናገረ። ይህች ቃል ኋላ እንደ እሾኽ ወጋችው። በ1909 ወንበሩን ራሱ ለመረጠው ወዳጁ ለዊልያም ታፍት አስረክቦ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ለአደን ሄደ። በ1910 ሲመለስ፣ ታፍት የእርሱን መንገድ ትቶ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር መዋሉን ከሰዎች ሰማ። የሰማው ሁሉ እውነት አልነበረም፤ ሥልጣን የናፈቀ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ወሬ በጥሞና ያዳምጣል። በዚያው ዓመት በኦገስት በካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ ኦሳዋቶሚ በምትባል ከተማ ባደረገው ንግግር፣ የግለሰብ ሀብት ለሕዝብ ጥቅም መገዛት እንዳለበት ገልጦ ተናገረ። ከዚህ በኋላ የተራማጆች ዓይን ወደ እርሱ አዘነበለ።

ይሁን እንጂ ተራማጆቹ ቀድሞውኑ መሪ ነበራቸው። የዊስኮንሲኑ ሴናተር ሮበርት ላ ፎሌት፣ በክፍለ ግዛቱ ገዥነት ዘመኑ የባቡር ኩባንያዎችን በሕግ የገታ፣ የፓርቲ እጩ በመኳንንቱ ምክር ሳይሆን በሕዝቡ ድምፅ እንዲመረጥ ያደረገ ሰው ነበር። እነዚያ ኋላ ሩዝቬልትን የተከተሉት ሰዎች ብዙዎቹ በ1911 «አለንልህ» ያሉት ላ ፎሌትን ነበር። በፌብሩዋሪ 1912 ግን በፊላደልፊያ ከተማ፣ የጋዜጣና የመጽሔት ባለቤቶች በተሰበሰቡበት የእራት ግብዣ ላይ፣ በድካምና በልጁ ሕመም ጭንቀት ተጨብጦ የነበረው ላ ፎሌት የተመሰቃቀለ ረጅም ንግግር አደረገ። በማግሥቱ ደጋፊዎቹ ጤናውን ምክንያት እያደረጉ አንድ በአንድ ተለዩት። ላ ፎሌትም በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ምሬቱን አልሸሸገም። የተለዩት ሰዎች ግን ምክንያት አልነበራቸውም ለማለት አይቻልም። ላ ፎሌት ንጹሕ ሰው ቢሆንም ከዊስኮንሲንና ከአካባቢዋ አልፎ አገሩን ሁሉ ማሸነፍ አይችልም ነበር፤ ሩዝቬልት ግን ይችል ይሆናል። ሥልጣንን አጥብቆ የማይፈልግ ሰው ሥልጣንን አያገኝም፤ ሥልጣን ያላገኘ ሰውም ሕግ አያወጣም። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ በየዘመኑ ለባለ ምኞት ሰው የሚቀርብ እጅግ ጠንካራው መከራከሪያ ይኸው ነው።

በዚያ የበጋ ወራት በቺካጎ የተደረገውን የሪፑብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ባጭሩ እንለፈው። ሕዝቡ ራሱ ድምፅ በሰጠባቸው ክፍለ ግዛቶች በአብዛኞቹ፣ በታፍት የትውልድ አገር በኦሃዮ ሳይቀር፣ ያሸነፈው ሩዝቬልት ነበር። ነገር ግን ክርክር በተነሣባቸው 254 የመልእክተኞች መቀመጫዎች ላይ የፓርቲው ኮሚቴ ፈራጅ ሆኖ፣ 235ቱን ለታፍት፣ 19ኙን ለሩዝቬልት ሰጠ። የጉባኤው ሊቀ መንበር ኤሊሁ ሩት ቀድሞ የሩዝቬልት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። የሩዝቬልት የገዛ ሴት ልጁ ባል ኒኮላስ ሎንግወርዝ እንኳ ከታፍት ወገን ሆነ፤ በዚያ ዓመት በዚያ ቤተሰብ ማዕድ ዙሪያ ምን ይባል እንደ ነበር አድማጭ ይገምት። ሩዝቬልትም «ተሰረቅሁ» ብሎ ወጣ፤ በኦገስት መጀመሪያም እዚያው ቺካጎ፣ በዚያው አዳራሽ፣ የተራማጆች ፓርቲ የሚባል አዲስ ፓርቲ ተመሠረተ።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ጉባኤ ላይ ነው። በጉባኤው የጸደቀው ፕሮግራም ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲኖራቸው፣ ሕፃናት በፋብሪካ መሥራታቸው እንዲከለከል፣ የሥራ ሰዓት በቀን ወደ ስምንት እንዲወርድ፣ ለሕመም፣ ለሥራ ማጣትና ለእርጅና መድን እንዲቋቋም ይጠይቅ ነበር። እነዚህን ነገሮች ለብዙ ዓመታት ሲጠይቁ ከኖሩት አንዷ ሚስ ጄን አዳምስ ናት። በ1889 በቺካጎ የድኾች ሰፈር ሀል ሀውስ የተባለውን የእርዳታ ቤት ካቋቋሙት ሁለት ሴቶች አንዷ ስትሆን፣ በመላ አሜሪካ እንደ እርሷ የተከበረች ሴት እምብዛም አልነበረችም። ሩዝቬልት ለእጩነት ሲቀርብ ድጋፏን በንግግር እንድታሰማ ተጠየቀች። ሴቶች በአብዛኛው ክፍለ ግዛት ድምፅ በማይሰጡበት ዘመን፣ አንዲት ሴት በታላቅ ፓርቲ ጉባኤ ቆማ ለፕሬዚዳንት እጩ መናገሯ እጅግ እንግዳ ነገር ነበር።

ታዲያ ሚስ አዳምስ ወደዚያ መድረክ ስትወጣ ሦስት ነገሮች ልቧን ይከብዷት ነበር። የፓርቲውን ገንዘብ ከሚሰጡት ዋነኛው ጆርጅ ፐርኪንስ የባንኩ ባለጸጋ የሞርጋን ሸሪክ የነበረ ሰው ሲሆን፣ በንግድ ማኅበራት ላይ የተጻፈው ጠንካራ አንቀጽ ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ሆነ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ የሰላም ወዳጅ የሆነችው እርሷ በየዓመቱ ሁለት የጦር መርከብ እንዲሠራ የሚጠይቅ ፕሮግራም መቀበሏ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ የከፋ ነበር። ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች የመጡ ጥቁሮች መልእክተኞች በጉባኤው እንዳይቀመጡ ተደረገ።

ይህ ሳይታሰብ የተፈጸመ ስሕተት አልነበረም። ሩዝቬልት ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለአትላንታው ጋዜጠኛ ለጁሊያን ሃሪስ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ምክንያቱን ገልጧል። በሰሜኑ አገር ጥቁሮች በፓርቲው ውስጥ ቦታ ያገኛሉ፤ በደቡብ ግን ፓርቲውን ነጮች ካልመሩት ሥር አይሰድም፤ ለጥቁሮቹም ውሎ አድሮ የሚበጃቸው ይኸው ነው የሚል ነበር። ያልጻፈው ሒሳብም ነበረው። በጁኑ ጉባኤ አብዛኞቹ የደቡብ ጥቁሮች መልእክተኞች ከታፍት ጋር ጸንተው ነበርና በእነርሱ አዝኗል። ከዚህም በላይ ዘወትር ለዲሞክራቶች ድምፅ የሚሰጡትን የደቡብ ነጮች ለመሳብ ተመኝቷል።

ሚስ አዳምስ በዚህ ነገር በኮሚቴ ፊት ተቃውሞዋን ብታሰማም የሰማት አልነበረም። ሆኖም መድረኩን አልተወችም፤ ወጥታ ተናገረች፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። በኖቬምበር ወር ዘ ክራይሲስ በተባለው የጥቁሮች መጽሔት ላይ ምክንያቷን ስትጽፍ፣ የኅሊናዋን ጭንቀት አልደበቀችም። ባርነትን ይቃወም ከነበረ አባት የተወለደች ነበረችና፣ ነገሩ ቀላል ሊሆንላት አይችልም ነበር። ፕሮግራሙ በመላው አገር ከሠራ የዘሩም ጉዳይ ከደቡብና ከሰሜን ጠብ ወጥቶ በአዲስ መንፈስ ይታያል ብላ ተስፋ አደረገች።

የዚያ መጽሔት አዘጋጅ ዶክተር ዱ ቦይስ ነበር። እርሱም በበኩሉ ሚዛኑን ይዞ ተቀምጧል። ለአዲሱ ፓርቲ ፕሮግራም የሚገባ አንድ አንቀጽ፣ ጥቁሮች ከሌላው ዜጋ ጋር በእኩልነት እንዲመርጡና አድልዎ ያለባቸው ሕጎች እንዲሻሩ የሚጠይቅ፣ በገዛ እጁ አርቅቆ በወዳጁ በጆኤል ስፒንጋርን እጅ ወደ ቺካጎ ላከ። አንቀጹ ተጣለ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የቴክሳሱ የብራውንስቪል ነገር ነበረ። በ1906 በዚያች ከተማ ሌሊት ተኩስ ተሰምቶ አንድ ሰው ሲሞት፣ ጥፋተኛው ሳይለይ፣ ፍርድ ቤትም ሳያየው፣ ሩዝቬልት 167 ጥቁሮች ወታደሮችን ከጦሩ አሰናበተ። ትእዛዙ ለሕዝብ የተገለጸውም የኖቬምበር ምርጫ ካለፈ በኋላ ነበር። ይኸው ሰው በ1901 ቡከር ዋሽንግተን የተባለውን የጥቁሮች መምህር በዋይት ሀውስ እራት የጋበዘ፣ በዚህም ምክንያት በደቡብ ነጮች የተሰደበ መሆኑን ስናስታውስ፣ ልቡን መርምሮ ፍርድ መስጠት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበር እንረዳለን።

ታፍት ደግሞ በ1909 ሥራውን ሲጀምር፣ ነጮች በሚቃወሙበት ስፍራ ጥቁሮችን መሾም እንደማይበጅ ያመለከተ ሰው ነው። ሶሻሊስቱ ዩጂን ዴብስ ለዱ ቦይስ ልብ የቀረበ ነበር፤ ዱ ቦይስ ራሱ የፓርቲው አባል ነበርና፤ ነገር ግን የማሸነፍ ተስፋ አልነበረውም። የቀረው በቨርጂኒያ የተወለደው፣ በደቡብ ያደገው ዲሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን ነው። ዊልሰን በኦክቶበር ለጳጳስ አሌክሳንደር ዋልተርስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ፕሬዚዳንት ቢሆን ለጥቁሮች ፍጹም ፍትሕ እንደማያጓድል ቃል ሰጠ። ዱ ቦይስም ከሶሻሊስት ፓርቲ ወጥቶ አንባቢዎቹ ለዊልሰን ድምፃቸውን እንዲሰጡ መከረ። የቦስተኑ ጋዜጠኛ ዊልያም መንሮ ትሮተርም ይህንኑ መንገድ ያዘ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት በጊዜው ትዝ ያላቸው ሰዎች ሳይኖሩ አልቀረም። ቢሆንም በፊታቸው ከቀረቡት ሦስት ማሸነፍ ከሚችሉ ሰዎች መካከል በጽሑፍ ቃል የሰጣቸው አንዱ ብቻ ነበርና፣ ስሕተታቸውን ከዛሬ ወንበር ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው።

በኦክቶበር 14 ቀን ሩዝቬልት በሚልዋኪ ከተማ ለንግግር ሲወጣ አንድ ሰው በሽጉጥ ደረቱን መታው። በኪሱ የነበረው ወፍራም የንግግር ወረቀትና የመነጽር ማኅደር ጥይቱን ስላበረደው፣ ጥይቱ በሥጋው ውስጥ እያለ መድረክ ላይ ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረ። ጀግንነት ነበር፤ እንዲህ ያለው ጀግንነት ግን ምኞትና ቈራጥነት በአንድ ሰው ውስጥ ተለያይተው እንደማይኖሩ ያሳያል።

ኖቬምበር 5 ቀን ድምፅ ሲቈጠር ዊልሰን 6.3 ሚሊዮን ያህል፣ ሩዝቬልት 4.1 ሚሊዮን ያህል፣ ታፍት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሲያገኙ፣ ዴብስም ወደ 900,000 ድምፅ አገኘ። በክፍለ ግዛቶች መራጮች ቈጠራ ዊልሰን 435፣ ሩዝቬልት 88፣ ታፍት 8 ብቻ ሆነ። የጥቁሮቹ መልእክተኞች ስለ ደቡብ ነጮች ፍቅር ሲባል ከአዳራሹ ተገፍተው ነበር፤ ሩዝቬልት ግን ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች አንዲቱን እንኳ አላሸነፈም። ዋጋው ተከፍሎ ዕቃው ሳይገኝ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የሚፈጸመው በዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እንደሚባለው፣ አዲሶቹ ሹማምንት ገቡ። የቅጥር ፈተና በ1883 ሕግ ከተቋቋመ ጀምሮ፣ ብዙ ጥቁሮች በችሎታቸው ጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ ሆነው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጅ አስተምረው በዋሽንግተን ይኖሩ ነበር። በኤፕሪል 1913 የፖስታ ሚኒስትሩ አልበርት በርልሰን በሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ ነጭና ጥቁር ሠራተኞች እንዲለያዩ ሐሳብ አቀረበ፤ ዊልሰንም አልከለከለም። በፖስታ ሚኒስቴርና በማካዱ በሚመራው በገንዘብ ሚኒስቴር፣ ለዓመታት ጎን ለጎን ሲሠሩ በነበሩ ሰዎች መካከል መጋረጃ ቆመ፤ የመመገቢያውና የመጸዳጃው ክፍልም ተለየ። ዱ ቦይስ በሴፕቴምበር ለዊልሰን በመጽሔቱ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ላይ ስለ አንድ ጸሐፊ ይናገራል። ይህ ሰው የሥራው ጠባይ ወደ ሌላ ክፍል ሊያዛውረው ስላልተቻለ፣ በተቀመጠበት ዙሪያውን እንደ ቀፎ አጥር ተሠራለት። ለብዙ ዓመታት አብረውት ከሠሩት ባልደረቦቹ መካከል በአጥር ውስጥ ተቀምጦ የመንግሥትን ወረቀት ሲጽፍ የሚውለውን ሰው እስቲ አስቡት።

በኖቬምበር 1914 ትሮተር ከጓደኞቹ ጋር ዋይት ሀውስ ገብቶ ለዊልሰን «ከሁለት ዓመት በፊት ድምፃችንን የሰጠንህ ለዚህ ነውን?» በሚል መንፈስ ተናገረው። ዊልሰን በአነጋገሩ ተቈጥቶ አሰናበተው። ድምፁ ተሰጥቶ አልቋል፤ መልሶ መውሰድ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

ሩዝቬልትስ? የተራማጆች ፓርቲ በ1916 እንደገና እጩ ባደረገው ጊዜ፣ በቴሌግራም እምቢ ብሎ በምትኩ ሄንሪ ካቦት ሎጅን እንዲመርጡ መከራቸው። ሎጅ በ1912 ከሩዝቬልት ጋር ያልወጣ ወግ አጥባቂ ነበርና፣ ተሰብሳቢዎቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንደ ተሰማቸው መናገር አያሻም። ሩዝቬልት ራሱ ወደ ሪፑብሊካኖቹ ተመልሶ እጩአቸውን ቻርልስ ሂዩዝን ደገፈ፤ ፓርቲውም ፈረሰ። ሚስ አዳምስ በዚያ ዓመት ድጋፏን ለዊልሰን ሰጠች።

እንዲህም ሆኖ ፕሮግራሙ አልሞተም። ሴቶች በ1920 በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ የመምረጥ መብት አገኙ። የእርጅናና የሥራ ማጣት መድን በ1935፣ የሕፃናትን ሥራ የሚከለክለው ሕግ በ1938 ወጣ። እነዚህን ሕጎች ባወጣው የፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሃሮልድ ኢክስ፣ በ1912 የቴዎዶር ሩዝቬልት ተከታይ ነበር። ስለዚህ ሚስ አዳምስ ፕሮግራሙን በማመኗ አልተሳሳተችም። የምነቅፍባት ነገር ቢኖር ድጋፏን በከንቱ መስጠቷ ነው። በዚያን ቀን የእርሷ ስም ለሩዝቬልት ከፐርኪንስ ገንዘብ የማያንስ ዋጋ ነበረው። ወደ መድረኩ ከመውጣቷ በፊት «እነዚያ መልእክተኞች ካልተቀመጡ አልናገርም» ብትል ኖሮ ሩዝቬልት ምን ያደርግ እንደ ነበር ማወቅ አይቻልም፤ መጠየቋ ግን እርሷን የሚያሳጣት ነገር አልነበረም። ዱ ቦይስ ዋጋ ጠየቀ፤ የተቀበለው ግን ከምርጫው በኋላ የሚያስገድድ ኃይል የሌለው ወረቀት ነበር። ከሁለቱ ስሕተት የትኛው እንደሚብስ እኔ መቍረጥ አልችልም። የሚስ አዳምስን ስሕተት የከፈሉት ሌሎች ነበሩ፤ ዱ ቦይስ ግን የገዛ ወገኑን ዋጋ በገዛ እጁ መክፈሉን አይቶ፣ ገና ዊልሰን አንድ ዓመት ሳይሞላው ስሕተቱን በመጽሔቱ ገልጦ ተከራክሯል።

የብራውንስቪሉን ወታደሮች ስንብት የአሜሪካ ጦር የሻረው ከ66 ዓመት በኋላ በ1972 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ167ቱ አብዛኞቹ ሞተው ነበር። በዋሽንግተን ደግሞ በ1914 አንድ አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር። ለመንግሥት ሥራ የሚፈተን ሁሉ ከማመልከቻው ጋር ፎቶግራፉን እንዲያያይዝ የሚያዝ ነው። ቀጣሪው ሹም በፈተና ከበለጡት ሦስት ሰዎች የወደደውን እንዲመርጥ ይፈቀድለት ስለ ነበር፣ ፎቶግራፉ ምን እንደሚሠራ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ወጣቱ ሩዝቬልት ስድስት ዓመት የታገለለት የፈተና ሥርዓት በዚች ትንሽ ወረቀት ተሰነጠቀ። ደንቡ የተነሣው ሩዝቬልት በ1919፣ ዊልሰን በ1924 ከሞቱ በኋላ፣ በ1940 ነው።